ገዳይ የሌለበት መጽሐፍ

"ከዚያስ" የሚለውን ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ሰውየው ቁልፍ ቀራጭ ነው። ሱቁ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ናት። ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ የመጣን ሰው ሌላው ቀራጭ "የበር ነው የቁም ሳጥን?" ብሎ ይጠይቃል። እሱ ግን "የት ጠፋብህ? ከዚያስ? ማን ነበር አብሮህ? ከዚያስ?" ይላል። አንዷ ደንበኛ ቁልፏን ገበያ ላይ ጥላ ይሆናል እኮ! እሱ ግን ከቁልፉ ጀርባ አንድ ወንጀል ካላገኘ አይለቃትም። ስሙ በዚህ ተጣበቀበትና ሚስቱ እንኳ ስትናደድ በዚሁ ትጠራው ጀመር።

አመሉን ያመጣበት ንባብ ነው። በሳምንት ሁለት የወንጀል ልብ ወለድ ካልጨረሰ ሰው መሆኑን ይጠራጠራል። ሕግም አለው። እስከ ገጽ አሥር አስከሬን ካልተገኘ መጽሐፉን ይመልሳል። ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ አንቀጽ ካጋጠመው እንደ ዝንብ በሁለት ጣቱ እያባረረ ያልፈዋል። ባለታሪኩ መስኮት ላይ ቆሞ ልጅነቱን ማስታወስ ከጀመረማ "አንተ ሰውዬ፣ ገዳዩ እያመለጠህ ነው እኮ!" ብሎ ይጮህበታል። ደንበኛ ከውጭ ሰምቶ የሸሸበት ቀን አለ።

ከሚስቱ ታላቅ ወንድም ጋር ሆድና ጀርባ የሆኑትም በዚሁ በንባብ ምክንያት ነው።

አማቹ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሰው ልጅ ስሕተት ሲያርሙ ስለኖሩ ቀይ እርሳሳቸው ከጆሯቸው ላይ ወርዶ አያውቅም። ጋዜጣ ያርማሉ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ያርማሉ። እህታቸው አንድ ጊዜ ከመንገድ የጻፈችላቸውን ደብዳቤ አርመው፣ ከአሥር ሰባት ሰጥተው መልሰው ልከውላታል። እኒህ ሰውና ከዚያስ ድሮ አንድ ነፍስ ነበሩ። ቅዳሜ ምሳ ከእሳቸው ቤት ነው። ሳህኑ ተነሥቶ፣ ሻዩ ቀዝቅዞ፣ ስላነበቡት ሲያወሩ ይመሽባቸዋል። ሚስቱ "ቆይ፣ እኔን ያገባኸኝ ወንድሜን ልታገኝ ነው እንዴ?" እስክትል ድረስ።

ታዲያ ከሦስት ዓመት በፊት በአንዱ ቅዳሜ፣ አስተማሪው ስለ ጀመሩት መጽሐፍ ያወሩ ጀመር። አንድ ባለጸጋ ሽማግሌ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል። አስተማሪው አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሠንጠረዥ እየሠሩ፣ ማን በስንት ሰዓት የት እንደነበረ እየደመሩ እየቀነሱ ቆይተው አሁን አንዲት ምዕራፍ ቀርታቸዋለች። ከዚያስ ደግሞ መጽሐፉን ቀድሞ አንብቦት አሥራ አንዱንም ቀን ምላሱን ነክሶ ነው የከረመው።

"ወራሹ አይደለም" አሉ አስተማሪው ማንኪያቸውን ወደ ላይ አንሥተው። "በእኔ ስሌት መሠረት..."

"አስታማሚዋ ናት እኮ!" አለ ከዚያስ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አፉን በሁለት እጁ ያዘ፤ ምን ዋጋ አለው? አስተማሪው ማንኪያቸውን ቀስ አድርገው ሾርባው ውስጥ መለሱት።

"ውጣ።"

"ጋሼ፣ አምልጦኝ እኮ ነው..."

"ውጣልኝ ከቤቴ!"

ወጣ። ይበርድላቸዋል ብሎ ነበር፤ አልበረደላቸውም። አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሞላው። ሚስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዋን ትሄዳለች። በመጀመሪያው ሳምንት ለሁለቱም "እኔ ፖስታ ቤት አይደለሁም፤ የማንንም ነገር ወዲህና ወዲያ አላመላልስም" ብላ ቁርጡን ነግራቸዋለች፤ ቃሏንም ጠብቃለች። ከዚያስ ቅዳሜን ሱቁ ውስጥ ዳቦውን እየገመጠ ማሳለፍ ያዘ። በዓለም ላይ ስለ መጽሐፍ አብሮት የሚያወራው ሰው አንድ ነበር፤ እሱም በአንዲት ቃል ሄደበት። ናፍቆት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። እሱ ግን ንዴት ነው ይላል።

ለንዴቱም ምክንያት አላጣም። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚያወጣው የወንጀል ልብ ወለድ ሁሉ ገጽ ሦስት ላይ፣ በሚያምር የአስተማሪ ፊደል፣ በቀይ እርሳስ አንዲት መስመር ተጽፎበት ይገኛል። "ገዳዩ አትክልተኛው ነው።" በሌላው ላይ "አልሞተም፤ ገጽ 240 ላይ ይመጣል።" በሌላው "ሁለቱ ሰዎች አንድ ሰው ናቸው።" አንድ ቀን ብልጥ ነኝ ብሎ ገጽ ሦስትን ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠው። ገጽ አምስት ላይ "ሦስትን እንደ ዘለልክ አውቃለሁ። ሐኪሙ ነው" የሚል ጠበቀው።

ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አቤት አለ። ምን ታድርግ? እሷም የአስተማሪው ተማሪ ነበረች፤ አርባ ዓመት ሞልቷት እንኳ እሳቸው ፊት ስትቆም እጇን ወደ ኋላ ታጣምራለች። አንድ ጊዜ እንደ ምንም ደፍራ "መጽሐፍ ላይ አይጻፍም" ብትላቸው "የጻፍኩት አይደለም፤ ያረምኩት ነው" አሏት። ነገሩ በዚያው ቀረ።

በመጨረሻ አንድ ሰኞ፣ ከዚያስ እንደ ልማዱ ደረጃውን ሲወጣ፣ ሴትዮዋ ከጠረጴዛዋ ሥር አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውጥታ ገፋችለት።

"የወንጀሉን መደርደሪያ ጨርሰውልሃል" አለችው። "አንድም ንጹሕ የለም። ይሄን ውሰድ፤ ይሄ ሊበላሽ አይችልም።"

"ለምን?"

"ምንም አይፈጠርበትማ!"

መጽሐፉን አገላብጦ አየው። ሦስት መቶ ሰማንያ ገጽ። ሽፋኑ ላይ ሽጉጥ የለም፣ ደም የለም፣ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ናት ያለችው። ገጽ ሦስትን ገለጠ። ቀዩ እርሳስ እዚያም ደርሷል! "ማንም አይሞትም። በከንቱ አትድከም" ይላል። "እንዲህ ነው?" አለ ከዚያስ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ። "እሳቸው የቻሉትን እኔ ልሸነፍ?" ለእልህ ብቻ ብሎ ይዞት ወረደ።

መጽሐፉ ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር፣ ነጭናጫ ሴትዮ። በመጀመሪያው ገጽ ከእንቅልፏ ትነቃለች። በአሥራ አንደኛው ገጽ ነጠላ ጫማዋን ታገኘዋለች። ደብዳቤ ደርሷታል፤ አትከፍተውም። ሻይ ትጥዳለች። ደብዳቤውን ታየዋለች። ስኳሯን ከእንግዳ የምትደብቅበት ቆርቆሮ አላት፤ እንግዳ ግን ከየት ይምጣ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። በመጀመሪያዎቹ አርባ ገጾች ውስጥ እንቁላሉ በእግሩ ሄዶ፣ አውራ ዶሮ ሆኖ፣ ጮኾ አንግቶ ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ሻይዋን ገና አልጠጣችም።

ከዚያስ መቼም ቁልፍ ቀራጭ ነው፤ የተዘጋ ነገር አይቶ ዝም አይልም። ደብዳቤው ውስጥ መርዝ አለበት ብሎ ደመደመ። ገጽ ሃምሳ ሁለት ላይ ክፍሉ ጥግ ስላለ ቁም ሳጥን ሲነሣ "አስከሬኑ!" ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ። ከጎኑ በቀይ እርሳስ፦ "ቁም ሳጥኑን ጠረጠርክ አይደል? ልብስ ነው ያለው።" ገጽ ሰባ ላይ ወተት አመላላሹ በሩን ሁለት ጊዜ ሲያንኳኳ የከዚያስ ፀጉር ቆመ። በቀይ፦ "ወተት ነው። እረፍ።"

ተናደደ፤ ደስም አለው። ሦስት ዓመት አንድ ቃል ያልተነፈሱት ሰው፣ እቤታቸው ቁጭ ብለው፣ የትኛው መስመር ላይ ምን እንደሚያስብ ያውቃሉ። "ለመሆኑ እኒህ ሰውዬ የሚያነቡት መጽሐፉን ነው እኔን?" አለ ለቁልፍ ማሽኑ።

ገጽ ዘጠና ላይ የልብስ ሰፊዋ አንዲት ጓደኛ ትመጣለች። በዓለም ያለቻት ያቺው ጓደኛ ብቻ ናት። ምስኪኗ ጓደኛ ሳታስበው የሟቹ ባል ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ልብስ ሰፊዋ "ተነሺልኝ!" ትላታለች፤ ትነሣለች፤ "ውጪልኝ!" ትላታለች፤ ትወጣለች። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ምን ታደርጋለች? ቁጭ ብላ የዚያችኑ የጓደኛዋን ቀሚስ ጠርዝ ትሰፋለች። ይጠምምባታል፣ ትተረትረዋለች፣ እንደገና ትሰፋለች። ውጭ ይዘንባል። ይኸው ነው።

ከዚያስ ቀና ሲል አንድ ሙሉ ገጽ ስለ ዝናብ አንብቦ ጨርሷል። አንዲት ጠብታ አልዘለለም! ደነገጠ። የታመመ መስሎት ግንባሩን ዳሰሰ።

ከዚያ በኋላማ ጉድ ፈላ። የጫማ ሱቁን ሰውዬ ቁልፍ ለጥርስ ሐኪሟ፣ የጥርስ ሐኪሟን ለጫማ ሱቁ ሰውዬ ሰጥቶ ሁለቱንም ደጅ አሳደራቸው ማለት ይቻላል። ሰውየው በማግሥቱ ሊጣላ መጣ፤ ከዚያስን ግን አገጩን ተደግፎ አገኘው።

"ምን ሆነህ ነው?" አለው።

"ጓደኛዋን አስወጣቻት እኮ።"

"ማን?"

"ልብስ ሰፊዋ። አሁን ቁጭ ብላ ትሰፋለች።"

"ታዲያ ምን ተፈጠረ?"

"ምንም። ትሰፋለች አልኩህ!"

"ይኼ ደግሞ ታሪክ ነው?"

"ወይ አንተ! አሰፋፏን ብታያት እኮ እንዲህ አትልም ነበር" አለና ቁልፉን ወረወረለት።

ቤት ያለችውም አልተረፈችም። ወጥ ቤት በር ላይ ተደግፎ ሚስቱን ሲያያት፣ ሲያያት ቆየ።

"ምን አፈጠጥክብኝ?"

"ጨው ስትጨምሪ የታችኛውን ከንፈርሽን ትነክሻለሽ።"

"ሃያ ሁለት ዓመት ነክሻለሁ። ዛሬ ነው ያየኸው?" አለችና ድስቱን ከደነች። ጀርባዋን ካዞረች በኋላ ግን ፈገግ ብላለች።

እስከዚህ ድረስ ቀይ እርሳሱ የሚያወራው ከከዚያስ ጋር ነበር። ከመቶኛው ገጽ በኋላ ግን አስተማሪው እሱን የረሱት ይመስላል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ? እዚህ እርሳስ አወጣው። የስኳሩ ቆርቆሮ እንደገና ሲነሣ እንዲህ ብለዋል፦ "እናታችንም ትደብቅ ነበር። እኔና እህቴ ቦታውን እናውቅ ነበር፤ እናውቃለን ብለናት ግን አናውቅም።" ልብስ ሰፊዋ ለብቻዋ ሁለት ኩባያ የምታቀርብበት ገጽ ጎን፦ "ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም አንድ ኩባያ እጨምራለሁ።" ገጽ መቶ ሠላሳ ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ የዚያን ቀን ነገር ስታስታውስ፦ "ሰውን ለወንበር ብሎ ማስወጣት! ምን ያለች ልበ ደንዳና ናት!" ብለው በቁጣ ጽፈዋል። ከሥሩ፣ በሌላ ቀን የተጻፈ በሚመስል ትንሽ ፊደል፦ "እኔ ለልብ ወለድ ብዬ አስወጣሁ።"

ከዚያስ የቁልፍ ማሽኑን አጠፋ። ያቺን መስመር ቆሞ አነበባት፣ ተቀምጦ አነበባት። "ጋሼ" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ማንም በሌለበት።

ማንበቡን ቀጠለ። ፊደሉ ግን አንድ ነገር ሆነ። ያ እንደ ሂሳብ ደብተር የተሰደረ ፊደል እያደር ተለቀ። ገጽ መቶ ሃምሳ ላይ ከዳር ወጥቶ የታተመው መስመር ላይ ይወጣል። ገጽ መቶ ዘጠና ላይ የሱቅ ሰሌዳ ያህላል፤ ቃላቱ እርስ በርስ ይረጋገጣሉ። ከዚያስ መጀመሪያ የንዴት መስሎት ነበር። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ግን ግማሽ ገጽ በሚሸፍን ጠማማ ፊደል "ህትመቱ እየሸሸኝ ነው። ጓደኛዋ ትመለስ ይሆን?" ይላል።

ገለጠ፤ ምንም የለም። ደግሞ ገለጠ፤ ምንም። እስከ ሦስት መቶ ሰማንያ ድረስ አንዲት ቀይ ነጥብ የለችም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያን እርሳስ ሲረግም የኖረ ሰው፣ ንጹሕ ገጽ አገኘና አለቀሰ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እመኑኝ። በመሐረብ አይደለም የጠረገው፤ ማሽኑን በሚወለውልበት ጨርቅ ነው፤ ቤት ሲገባ ፊቱ ዘይት በዘይት ነበር።

"ጋሼ ዓይናቸውን ምን ሆነው ነው?" አላት ሚስቱን፣ ገና በሩ ላይ።

"ምን ይሆናሉ? ንባብ ሰለቸኝ ነው ያሉኝ..." አለችና ቆም አለች። "ባለፈው ቅዳሜ ግን ሻዩን ከኩባያው ውጭ ቀዱት። እጄ ተንሸራተተ አሉኝ።" ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እኔም አመንኳቸው! ወይኔ፣ ደነዝ!"

መጽሐፉን ዘርግቶ አሳያት። ገጹን በጣቷ እየተከተለች አነበበችና መጽሐፉን ከደነችው።

"ቅዳሜ አብረኸኝ ትሄዳለህ" አለችው።

"ያስወጡኛል።"

"ካስወጡህ መልሰህ ትገባለህ። በር መክፈት አይደል ሥራህ?"

እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን ነበር። ከዚያስ የቀረውን መቶ ስድሳ ስምንት ገጽ አንድ መስመር ሳይዘል አነበበ፣ ዝናቡንም፣ መስኮቱንም፣ ልጅነቷንም። ጓደኛዋ ትመለስ አትመለስ አወቀ። እና አሁን ወዮለት! ያችኑ የዛሬ ሦስት ዓመቷን እሳት እንደገና በአፉ ይዞ፣ ያንኑ የማይታመን አፉን አምኖ፣ ወደዚያው ቤት ሊሄድ ነው። አርብ ዕለት ለሚስቱ ሊነግራት ነበር። ትራሷን ጆሮዋ ላይ ጫነችው።

ቅዳሜ በሩን አንኳኩ። አስተማሪው ራሳቸው ከፈቱ። ከሥተዋል። ቀዩ እርሳስ ጆሯቸው ላይ አለ፤ ዓይናቸው ግን ከእህታቸው ጀርባ የቆመውን ሰው ፈልጎ ሊያገኘው አልቻለም።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

አስተማሪው አንገታቸውን ወደ ድምፁ አዘነበሉ። 

"ቁልፍ አልጠፋብኝም" አሉ በመጨረሻ።

"አውቃለሁ። መጽሐፉን ነው ያመጣሁት። ጨረስኩት።"

አስተማሪው ሁለት ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደፈኑ። እርሳሱ ተስፈንጥሮ ወደቀ። "እንዳትናገር! አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ! አፍህ ጫፍ ላይ ናት፣ ትታየኛለች!"

"ሌላው ሁሉ የማይታይዎ፣ እሷ ብቻ ታየችዎ?" አለ ከዚያስ። ደግሞ አመለጠው። አፉን ያዘ። ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች።

አስተማሪው እጃቸውን ከጆሯቸው ቀስ ብለው አወረዱ። "ማን ነገረህ?"

"ፊደልዎ።"

"ፊደሌ ምን ሆነ?"

"ከአሥር አራት" አለ ከዚያስ።

እህትየው ምን ይመጣ ይሆን ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። የአስተማሪው ትከሻ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ሆዳቸው፤ ሳቃቸው እንደ ዛገ ማጠፊያ እየተንቋቋ ወጣ። ስቀው ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠረጉ። "የዓይን ሞራ ነው" አሉ። "ሐኪሙ ይገፈፋል ብሎኛል። ፈርቼ ነው የቆየሁት። ለማንም አልነገርኩም፤ ፈራሁ።"

"ጋሼ፣ ያን ጊዜ አጠፋሁ።"

"አጠፋህ። እኔ ደግሞ ከዚያ የባሰ አጠፋሁ። መጽሐፍ እንኳ ሦስት መቶ አበላሸሁ።" ከበሩ ዞር አሉ። "ግባ እንጂ፤ ምን ይገትርሃል?"

ምሳው ተረሳ። ከዚያስ ድሮ በሚቀመጥበት ወንበር ተቀመጠ፤ ማንም እንዳልተቀመጠበት ትራሱ ይመሰክራል። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሦስትን ገልጦ ድምፁን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። እንደ ልማዱ ሊጋልብ ሲል አስተማሪው ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱ። "ቀስ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ያንን የሻዩን መልሰህ አንብብ።" መልሶ አነበበ። ልብስ ሰፊዋ ሻይዋን ጣደች። ስኳሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቆርቆሮው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አስተማሪው "እንዴ!" አሉ። ሚስቱም ሳህኖቹን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ዝናቡ አቆመ። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ኮቴው ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከልብስ ሰፊዋ በር ውጭ ቆመ። ምዕራፉ እዚያ ላይ አለቀ።

ከዚያስ ማን እንደሆነ ያውቃል። ምላሱ ላይ ናት፤ ትበላዋለች፤ ታቃጥለዋለች። ጥርሱን ነክሶ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ጣቱን ገጹ ላይ አድርጎ ዝም አለ።  አስተማሪው ከወንበራቸው ጫፍ ድረስ ተስበው መጥተው፣ ያን የደከመ ዓይናቸውን አፉ ላይ ተክለዋል።

"ከዚያስ?" አሉት።